የአባቴን ዲኤክስ ይዤ አዲስ አበባ ልሂድ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር ነው። አባቴ በ1975 ዓ.ም. የገዛት ቶዮታ ዲኤክስ አለችኝ። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ አምስት አሃዝ ብቻ ስለሆነ ሁለቴ ይዙር ሦስቴ የሚያውቅ የለም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሥራዋ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ሳቢያን ነው። አሳፍራኝ አታውቅም። በሚቀጥለው ወር እህቴ አዲስ አበባ ትዳራለች። እናቴን፣ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ በእሷ ልሄድ አሰብኩ፤ ለአጀቡም ትሆናለች። ባለቤቴ ‹ልጆቼን በረሃ ላይ ልታስቀምጣቸው ነው?› ብላ አኩርፋለች። ወንድሜ ‹ሞተሯን አሳድሳትና ጅቡቲም ትደርሳለህ› ይላል። መካኒኬ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ‹ችግር የለውም› አለኝ። እርስዎስ ምን ይሉኛል?

የአባቱ ልጅ፣ ከድሬዳዋ»

የአባቱ ልጅ፣ እኛም ደህና ነን። ኮፈን ሳይከፍት የሚፈርደውን ሰውዬ ለጊዜው እንተወው። ከሁላችሁም ደህና ነገር የተናገረችው ባለቤትህ ናት። እሷ «መኪናዋ ትሄዳለች ወይ?» አላለችም። «ብትቆም የት ነው የምትቆመው?» ነው ያለችው። ሚኤሶና አዋሽ መሃል፣ በእኩለ ቀን፣ ከሦስት ልጆች ጋር መቆም ምን እንደሆነ ገብቷታል።

የእኔ መልስ ይኸው፦ ልትሄድ ትችል ይሆናል። ፈራጁ ግን እኔም፣ ወንድምህም፣ መካኒክህም አይደለንም። ከድሬዳዋ ወጣ እንዳልክ የሚቀበልህ የደንገጎ ዳገት ነው። እንዴት እንደሚፈርድ ወደ በኋላ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስተካክል።

ኪሎ ሜትሩን እርሳው። ሁለቴም ዞረ ሦስቴ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ለውጥ የለውም። ሐረር ስትወጣ ፔጆ 404 ታክሲዎቹን አይተሃል። ፈረንሳዮቹ ማምረት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1960 ነው፤ በ1975 ደግሞ ትተውታል። ሐረር ላይ ግን ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት እንጀራ ሲያበላ ኖረ። ምክንያቱ በየቀኑ መሥራቱ ነው። ሲበላሽም ሠሪው እዚያው ሠፈር አለ። ያንተዋ ዲኤክስ ሁለቱም የላትም። ከሳቢያን ከዚራ ሥራ አይባልም፣ ወንድሜ፤ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ትደርሳለህ። በእኛ ሙቀት ውስጥ እንዲህ የኖረ መኪና ቶሎ የሚያረጅበት ብረቱ አይደለም፣ ላስቲኩ ነው። የራዲያተሩ ቱቦ፣ ቺንጋው (ሞተሩ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ)፣ የፍሬኑ ቱቦ፣ ጎማዎቹ። ለዓይን ደህና ይመስላሉ። አጠፍ ስታደርጋቸው ነው ስንጥቁ የሚታየው። በየሳምንቱ አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ኪሎ ሜትር የጠገበ ሚኒባስ ቢሆን ኖሮ እምብዛም አልሰጋም ነበር።

ወንድምህ ስላለው እድሳት፦ ሠርግ አንድ ወር ሲቀረው ሞተር አይፈታም። የታደሰ ሞተር መጀመሪያ ረጋ ተብሎ እየተነዳ መላመድ አለበት። የተሳሳተ ገጠማ ካለም የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ታዲያ ለምን አዋሽ በረሃ ላይ ይታወቅ? ደግሞ ሞተሩ መታደስ ይፈልግ አይፈልግ ገና አልታወቀም። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ አስነሣት፤ ሰማያዊ ጭስ እየተንቦለቦለ አልቆም ካለ ዘይት ትበላለች ማለት ነው። ትንሽ ዘይት መብላት ለአሮጌ መኪና ነውር አይደለም፤ መጠኑን አውቀህ ትርፍ ዘይት ይዘህ መሄድ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የማኪያቶ መልክ ያለው አረፋ ካየህ፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከፈላ ግን የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ሄዶ ሊሆን ይችላል። መሄዱ በመካኒክ ከተረጋገጠ ጉዞው ቀረ፤ አውቶቡስ ትሳፈራላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው እንሂድ። መንገዱን አስበው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከከተማ እንደወጣህ ደንገጎ ይቀበልህና ወደ 2,000 ሜትር ግድም ይሰቅልሃል። ከዚያ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ ጭሮ፤ ዳገትና ቁልቁለት። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ትወርዳለህ። አዋሽና መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናቸው፤ ግለቱን ታውቀዋለህ። ከዚያ ደግሞ እንደገና ሽቅብ፣ አዳማን አልፈህ አዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ። ይህ ሁሉ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ አሮጌ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በውሃ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ጊዜህንም ገንዘብህንም መጀመሪያ እዚያ ላይ አውል።

ከራዲያተሩ ክዳን ጀምር። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል። 2,000 ሜትር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ግድም ይንተከተካል። ራዲያተርህ የሚተርፈው ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ጤነኛ ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ወይም እሱን የመሰለ ቁጥር ታያለህ፤ የሚችለው ግፊት ነው። ከሥሩ ያለችው ላስቲክ ከደረቀች ግን ግፊት የለም፣ ደንገጎ ግማሽ ላይ እንፋሎት ነው። አዲስ ክዳን ግዛ። ከምትገዛቸው ርካሽ ዕቃዎች አንዱ እሱ ነው።

ቀጥሎ የድሬ ውሃ አለ። የቤትህን ማንቆርቆሪያ ክፈትና ውስጡን እየው። ያ ነጭ ቅርፊት ራዲያተርህም ውስጥ አለ። ለአርባ ዓመት ከቧንቧ ስትሞላት ከኖርክ ቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ግማሾቹ ተደፍነው ቢሆን አይግረምህ። መኪናዋን ነድተህ አሙቃት፣ አጥፋት፣ ከዚያ የራዲያተሩን ፊት በጥንቃቄ ዳስስ። አንዱ ቦታ ሞቆ ሌላው ቀዝቅዞ ካገኘኸው የቀዘቀዘው ተዘግቷል። ራዲያተር ሠሪ ጋ ወስደህ ተፈትቶ ይጠረግ። ውሃ አፍስሶ ማለቅለቅ ብቻውን አያድነውም። ሲገጠም የቧንቧ ውሃ አትመልስበት፤ የተጣራ ውሃና ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ በግማሽ ሙላበት።

ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቴርሞስታትስ አለ? መካኒክህን ጠይቀው። ቆላ ያለ መካኒክ ብዙ ጊዜ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። እኔ አልስማማም። ያለ እሱ ሞተሩ ቁልቢ ላይ በቅጡ ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ቤንዚንም ይፈጃል። ከሁሉም የባሰው የራዲያተሩን መደፈን ይደብቅብሃል፤ ከተማ ውስጥ ደህና ትመስልና ዳገት ላይ ጉድ ታደርግሃለች። ካለ አስወጣውና ፈትነው። በክር አንጠልጥለህ ድስት ውሃ ውስጥ ክተተው፣ የድስቱን ታች እንዳይነካ አድርገህ። ድስቱን ምድጃ ላይ ጣደው። መጀመሪያ ምንም አታይም። ውሃው 80 ዲግሪን አለፍ ሲል፣ ገና ሳይንተከተክ፣ መሃሉ ላይ ያለችው ክብ ክዳን ቀስ እያለች ትከፈታለች። አውጥተህ ስታቀዘቅዘው ትዘጋለች። ካልተከፈተ፣ ወይም ተከፍቶ ከቀረ፣ ቀይረው። ልጆቹን ጥራቸው፣ ይወዱታል። ድስቱን ግን ከወጥ ድስቶቹ መሃል እንዳታነሣ፤ ባለቤትህ ያኮረፈችው ይበቃታል።

ቺንጋው አዲስ ይሁን፣ አሮጌውን ደግሞ አትጣለው፤ ትርፍ ሆኖ ይሂድ። ሞተርህ 4ኬ ከሆነ ያ አንድ ቺንጋ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም፣ የውሃ ፖምፓውንም፣ ቬንቲላተሩንም ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ እየነዳህ የባትሪዋ ቀይ መብራት ድንገት ከበራች «ባትሪ ነው፣ እደርሳለሁ» አትበል። ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ሞተሩ ደግሞ ማቀዝቀዣ የለውም ማለት ነው። ወዲያው ጥግ ያዝና አጥፋ። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ትንሽ መንገድ ሲፈላ ከሄደ ይጣመማል። የዚህ ሞተር ታይሚንግ (ቫልቮቹን በሰዓታቸው የሚያስከፍተውና የሚያዘጋው) ደግሞ የሚዞረው በሰንሰለት ነው፤ እንደ አንዳንዶቹ የታይሚንግ ቺንጋው ይበጠሳል የሚል ሥጋት የለብህም። አባትህ መርጠው ነው የገዟት።

ፍሬን ላይ አጭር ልሁን። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። እርጥበት የሳበ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርድልሃል። መቼ እንደተቀየረ ካላስታወስክ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ሸራውና ላስቲክ ቱቦዎቹም አብረው ይታዩ። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ስትወርድ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚለቅ ሰው አለ፤ ቤተሰብ ጭኖ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መንጃ ፈቃዱን ቢመልስ ይሻላል።

ጎማ ስትገዛም ሆነ ያሉህን ስታይ ጥርሱን ብቻ አትይ። ጎኑ ላይ፣ «ዶት» ከሚለው የፈረንጅ ፊደል ተከትሎ፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ። 2315 ካለ በፈረንጆቹ 2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ መተሐራ አስፋልት ላይ ሊፈነዳ ይችላል፤ አላምነውም። ትርፍ ጎማዋንም ጨምር። አየር አላት? ክሪኩ ያነሣል? ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ጎማ ራስህ ፈትተህ ግጠም። ለዓመታት ያልተፈታ ብሎን የሚገግመው በረሃ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሳቢያን ላይም ይገግማል፣ እዚህ ግን ጎሚስታው ቅርብ ነው።

መብራት፣ ፊውዝ፣ ባትሪ፣ መጥረጊያ፤ እነዚህን መካኒክህ ያውቃቸዋል። ቦሎ አለኝ ብለህ ግን አትተማመን። ቦሎ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ነው፤ ስለ ደንገጎ ዳገት የሚነግርህ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ፈተናው። ድሬዎች በዚህ ዕድለኞች ነን፤ ከደጃችን የቆመ ፈታኝ አለን። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አራት ወፋፍራም ጓደኞችህን ጫን። በርጫውን ለአንድ ቀን ያቋርጡልህ፣ አቦ። ደንገጎን ውጣ። ማርሽ ቶሎ ቀንስ፤ ሞተሩ እያጓራና እየተንቀጠቀጠ በከባድ ማርሽ አታስጨንቀው። ዓይንህ ከሙቀት ጌጁ አይራቅ። ጌጁ ከመሃል ከፍ ብሎ እዚያው ከረጋ ጥሩ ነው። ቀስ እያለ ወደ ቀዩ መውጣቱን ካላቆመ ተልእኮው አበቃ፣ ጥግ ይዘህ አቁም።

ደንገጎ አናት ላይ ስትደርስ ወዲያው አታጥፋት፤ ትንሽ በሚኒሞ፣ ቤንዚን ሳትረግጥ፣ ትሥራና ሙቀቱ ይውጣላት። ከዚያ ኮፈኑን ክፈት። ማሽተት አለብህ፦ የኩላንት ጣፋጭ ሽታ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚን። አጎንብሰህ ሥሯን እይ። አራቱን ቸርኬዎች በእጅህ ጀርባ ነካ ነካ አድርግ። አንዱ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ እዚያ ጋ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይም ኩሽኔታው እየሄደ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን በምንም ዓይነት አትክፈት፤ ፊትን የሚገሽልጥ እንፋሎት ነው ያለበት። ደህና ከሆነች ወደ ቁልቢ ቀጥል፣ እዚያ ሻይ ጠጡና ተመለሱ። በደንገጎ ቁልቁለት ፍሬኑን ታያለህ፤ ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም ወደ አንድ ጎን ከሳበህ ሥራ ቀርቷል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀዝቅዛ ሳለች፣ ውሃዋንና ዘይቷን ለካ። ውሃው ባለበት ካለ፣ ዘይቱም ብዙ ካልጎደለ፣ አልፋለች። ውሃ ከጎደለ የሄደበትን ሳታገኝ አትነሣ። አስጠግነህ የሚቀጥለው ቅዳሜ ድገመው። ሁለተኛውንም ከወደቀች ለአጀቡ መኪና አዲስ አበባ ላይ ትከራያለህ፣ የአባትህ ክብር በዚህ አይቀንስም።

አልፋለች እንበል። ስድስት ሆናችሁ አትሄዱም። ዲኤክስ የአምስት ሰው መኪና ናት፤ ያውም ሻንጣው፣ ሐልዋው፣ የሠርጉ ስጦታ ሳይቆጠር። ፖርቶመጋላው ላይ የምትከምረው ዕቃም ዳገት ላይ ሞተሩ የሚጎትተው ነው። እናትህን በአውሮፕላን ላካቸው። አቅም ካልፈቀደ በባቡር፤ የሚነሣበትን ቀን ጠይቅ። በእሳቸው ዕድሜ ሙሉ ቀን ከኋላ ወንበር ታፍኖ መሄድ ከባድ ነው። ልጆቹም ቢሆኑ ከእሳቸው ጋር መሄድን የሚመርጡ ይመስለኛል። ለባለቤትህም «ካላለፈች አንሄድባትም» ብለህ ቃል ግባላት። ቅዳሜ ፈተናው ላይ እሷም ትምጣ፤ ከአራቱ ወፍራሞች አንዱን አውርድ።

በአንድ ቀን ልግባ አትበል። ጠዋት 12 ሰዓት ከድሬ ተነሥተህ፣ በየቦታው እያሳረፍካት፣ ጭሮ እደር። በማግስቱ ሲነጋ ወደ ሚኤሶ ውረድ። ፀሐይ ሳይበረታ አዋሽንና መተሐራን ታልፋለህ፣ ምሳ አዳማ። ይህ ዕቅድ ለአሮጌ ሞተር ከየትኛውም አዲስ ዕቃ በላይ ይጠቅማል። በማታ አትንዳ። ግመል ከመንገድ ላይ ዞር የሚለው ደስ ሲለው ነው፤ ጫት የጫነ መኪና ደግሞ ጨርሶ አይቆምልህም። ከመነሣትህ በፊት በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችን የመንገዱን ሰላም ጠይቅ፤ ዛሬ ያለፉት እነሱ ናቸው።

ታንክህን ከተማ ውስጥ ሙላ፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ሁለት ሊትር ዘይት፣ የላይና የታች የራዲያተር ቱቦ ከነማሰሪያው፣ ፊውዝ፣ ፑንቲና፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ያዝ። አዋሽ አካባቢ ቆማችሁ ስትነሡ ሞተሩ አልነሣም ካለና ቤንዚን ካልደረሰው፣ ከግለት የተነሣ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። የቤንዚን ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣልና ጥቂት ጠብቅ።

እየነዳህ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ መውጣት ከጀመረ የማሞቂያውን አየር ሙሉ ክፈተው። ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ያግዝሃል። መተሐራ ላይ ማሞቂያ ከፍቶ መሄድ እንዴት እንደሚያነድ አውቃለሁ፤ ግን ይሠራል። ከፈላች ቆመህ ጠብቅ፣ ግማሽ ሰዓትም ይሁን ከዚያ በላይ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

አዲስ አበባ ስትደርስ ሞተሩ ትንሽ ጥቁር ጭስ ሊያወጣ፣ ሚኒሞው ላይም ሊንገዳገድ ይችላል። አትደንግጥ። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የተስተካከለው ለድሬ ነው፤ ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል። አንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ «ላስተካክልልህ» ብሎ ካቻቢቴ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። አመስግነህ መልሰው። ለአዲስ አበባ ተብሎ ቤንዚኑ ከተቀነሰ፣ ወደ ቤትህ ስትመለስ አዋሽ ላይ አየር በዝቶበት፣ ቤንዚን አንሶት፣ ከሄድክበት ይልቅ ስትመለስ ነው የሚግልብህ። የግድ ከተነካ ብሎኑ ስንት ዙር እንደዞረ ይጻፍልህ፣ ስትነሣ ወደነበረበት መልሰው።